በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ይቆጠር፣ ይመርመር፣ ይታወቅ!



እንደሚታወቀው ይህ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለስብሰባ ጥሪ፣ ለእድር መዋጮ፣ ለለቅሶ ማስታወቂያና ለመሳሰሉት ነው። ዛሬ ግን ሰሌዳውን በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ስንይዘው ይቅርታ አንጠይቅም። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

ባለፈው ወር በአንድ ሐሙስ ምሽት ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጀርባ ካለው መጋዘን ጭስ መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። መብራት ጠፍቶ ነበር። በመጋዘኑ ውስጥ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ሻማ አብርቶ ቲነር ከበርሜል ወደ ጄሪካን ይገለብጥ ነበር። ሻማው ከበርሜሉ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ልጁም በኋላ ሲጠየቅ «ርቋል ብዬ ነበር» ነው ያለው። እሳቱ ግን በወለሉ ላይ እየሮጠ መጣበት። የሠፈሩ ወጣቶች አሸዋ እየዛቁ ደረሱለት። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ በቅን ልቦና አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰበት። ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሚነደው ቲነር በውሃው ላይ ተንሳፍፎ በበሩ ሥር ወጣና ቦዩን ይዞ እየነደደ እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ድረስ ወረደ። ሰዓቱ ምሽት መሆኑ በጀን እንጂ ቀትር ላይ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አጥር ውስጥ ማን እንደሚገኝ ለወላጆች መንገር አያስፈልግም።

ፈጣሪ ይመስገን፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም። የልጁ ሁለት እጆች ግን ተቃጥለዋል። እስከ ዛሬም ታስረዋል።

የእሳት አደጋ መኪናው እንደ ተጠራ መጥቷል፤ በዚህ የምንወቅሰው የለም። መግቢያው ላይ የቆመ መኪናና የተከመረ ጠጠር አላሳልፍ ስላለው ግን ሠራተኞቹ ቱቦ ተሸክመው በእግራቸው ገቡ። እንደ ደረሱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ውስጥ ምን አለ?»

መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ዘበኛው «ቀለም መሰለኝ» አለ። የባለቤቱ ስልክ ዝግ ነበር። እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ ነን የምንለውም እርስ በርሳችን ተያየን። ለዓመታት በፊቱ የምናልፈው፣ ልጆቻችን በአጠገቡ የሚጫወቱት መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም!

ሲነጋ በሩ ተከፍቶ ያየነውን እንናገር። የቲነርና የአኳራጅ በርሜሎች፣ የማስቲሽ ጣሳዎች፣ ከእነሱ ጋር ተደርድረው የቡታጋዝ ሲሊንደሮች፣ ከግድግዳው ሥር ለውሃ ማከሚያ የሚውል የክሎሪን ዱቄት በከረጢት፣ ከክሎሪኑ ጎን የባትሪ አሲድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እስከ ጣራው ድረስ የተከመረ የስፖንጅ ፍራሽ። የንግድ ፈቃዱ የሚለው «የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ» ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል፤ መርፌው ቀዩ ላይ ቆሟል። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ብየዳ ቤት ነው።

አንዳንዶቻችን «ታዲያ ዕቃ ዕቃ ነው፤ ምን ይካበዳል?» ስንል ተሰምተናል። ስለዚህ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል።

ቤንዚንም ሆነ ቲነር የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው ትነት ነው። ላምባ እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ ለመያያዝ የሚበቃ ትነት አያወጣም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ያወጣል። ቲነርም በባሕርዩ ከላምባ ይልቅ ወደ ቤንዚን የሚቀርብ ነው። ስለዚህ «የአዲስ አበባ ብርድ አያስነሣውም» የሚለው ወሬ ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ቦይና ጉድጓድ ይፈልጋል። በመንገዱ ላይ ሻማ፣ የከሰል ምድጃ ወይም የመብራት ማብሪያ ፍንጣሪ ካገኘ ይያያዝና እሳቱ ተመልሶ እስከ በርሜሉ ይሮጣል። ልጁ «ርቋል» ያለው ሻማ ያልራቀው በዚህ ምክንያት ነው። የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ማንም አልነገረውማ!

ባዶ የሚባለው በርሜል ደግሞ ከሞላው ይብሳል። በሞላው ውስጥ ለአየር ቦታ የለም። በባዶው ውስጥ ግን የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ፍንጣሪ ይጠብቃል። ባዶ በርሜል ሳይታጠብ በብየዳ ሊቆርጡ ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ያጡ ሠራተኞች በየአገሩ አሉ። የቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ብረቱን ሊቀደው ይችላል። የክሎሪን ዱቄት አሲድ ከነካው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ክሎሪን ነው። ስፖንጁ ሲነድ ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ። ከእሳት አደጋ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው ነበልባሉ ሳይነካው በጭሱ ታፍኖ መሆኑንም አንርሳ።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው አደገኛ ናቸው። በአንድ ክፍል ሲታጎሩ ግን አንዱ ሌላውን ይለኩሳል። አሲዱን ከክሎሪኑ፣ ሲሊንደሩን ከቲነሩ ለመለየት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ገብቶ የሚያይና «ይህ እዚህ አይቀመጥም» የሚል አንድ ሰው ይበቃል። እስካሁን የጠፋው ይህ ሰው ነው።

ከቃጠሎው በኋላ በተደረጉት ሁለት ስብሰባዎች ነገሩን የሚያለሳልሱ ልዩ ልዩ ክርክሮች ቀርበዋል። እያንዳንዱን አንሥተን መልሳችንን በግልጽ እንሰጣለን።

አንደኛው ክርክር፦ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?»

ይህ ክርክር ቁማርተኛ ሲያሸንፍ የሚናገረው ዓይነት ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አሮጌው ክፍል ሰዎች ከላይ ይኖራሉ፣ ከሥር ኬሚካል ይከማቻል። ልክ እንደ እኛ። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2010 ኒምቶሊ በሚባለው ሠፈር እሳት ተነሥቶ በምድር ቤት የተከማቸውን ኬሚካል ሲያገኝ ከ110 ሰው በላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ተደረገ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ መጋዘኖቹ ከሠፈር እንዲወጡ ተባለ። መጋዘኖቹ ግን እዚያው ቆዩ። ነጋዴውም ነዋሪውም «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ማለቱን ቀጠለ። በ2019 የካቲት ወር እዚያው አሮጌው ከተማ ውስጥ ቻውክባዛር በሚባለው ቦታ ሌላ እሳት ተነሥቶ 70 ያህል ሰው ጨረሰ። በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የተከማቸ የሽቶ ጣሳና ኬሚካል ነበረበት። በሁለቱ እሳቶች መካከል ዘጠኝ ዓመት ገደማ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ምንም አልሆነም»! የእኛ ሠፈር ማስጠንቀቂያ የደረሰው ባለፈው ወር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን መጮኽ ያለብን አሁን ነው።

ሁለተኛው ክርክር፦ «ፈቃድ አለን፣ ተመርምረናል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

እውነት ነው፣ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ያመጣው ምርመራ ግን ምን ዓይነት ነበር? የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያየውን እንናገር። መርማሪው የሚመጣበት ቀን ቀደም ብሎ ይታወቃል። በዋዜማው በርሜሎቹ በጋሪ ይወጣሉ። በማግሥቱ በሩ ላይ የእሳት ማጥፊያ ይሰቀላል፣ ወለሉ ይታጠባል። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቅጽ ይሞላል፣ ማኅተም ይመታል። በሦስተኛው ቀን በርሜሎቹ ይመለሳሉ። ይህ ምርመራ ነው እንዴ? ይህ የሙሽራ ቤት ጉብኝት ነው!

ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ጉዳይ ብቻ አይቶ ይሄዳል። ግብር የሚሰበስበው ደረሰኝ ያያል፤ ንግድ ፈቃድ የሚያድሰው የቤት ቁጥር ያያል፤ በርሜሉን የሚያይ የለም። ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በውስጡ አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቷል። በዙሪያው ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መጦሪያና መኖሪያ ቤቶች አሉ። የሠራተኛ ደህንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በየበኩላቸው ጉዳያቸውን አይተው ወጥተዋል። በ2013 ሚያዝያ ወር እሳት ተነሣ፣ መጋዘኑም ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 12ቱ እሳት ለማጥፋትና ሰው ለማዳን የሮጡ ናቸው። እሳቱ በምን እንደ ተነሣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን በውስጡ የተከማቸው ነገርና የአከማቸቱ ሁኔታ ነው። ሀብትና ዕውቀት ሞልቶ በተረፈው አገር 28 ዓመት የተረሳ በር ካለ፣ እኛ «ተመርምሯል» የሚለውን ቃል እንዲሁ አምነን መተኛት አንችልም።

ሦስተኛው ክርክር፦ «እንጀራችንን አትዝጉ።»

ይህን ቃል የተናገሩት የመጋዘኑ ባለቤት ራሳቸው ናቸው። እኛም በአክብሮት እንመልሳለን። እርሳቸው ወንድማችን ናቸው፤ በሐዘንም በደስታም አብረውን ቆመዋል። የእርሳቸው እንጀራ እንዲዘጋ አንፈልግም። ነገር ግን እንጀራ የእርሳቸው ብቻ ነው ወይ? ሁለት እጁ የተቃጠለው ልጅ እንጀራስ? በወር የተከራዩ፣ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እናቶች እንጀራስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለልጁ ጓንት አልተሰጠውም፤ ባትሪ አልተሰጠውም፤ የተሰጠው ሻማ ነው።

ደግሞስ የምንጠይቀው ነገር ሱቅ የሚያዘጋ ነው ወይ? ሲሊንደሮቹን ወደ ውጭ አውጥቶ አየር በሚገባበት የብረት አጥር ውስጥ ማቆም፣ አሲዱን ከክሎሪኑ መለየት፣ ሁለት የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ መግዛት፣ የአሸዋ ባልዲ መደርደር፣ ስፖንጁን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር፣ ዝርዝር ጽፎ በር ላይ መለጠፍ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ መጋዘን ቃጠሎ ዋጋ አይሆንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ቁጠባ ነው።

አራተኛው ክርክር፦ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እድርና የሠፈር ማኅበር ምን አገባው?»

የመመርመር ሥልጣን የሌለን መሆኑን እናውቃለን፤ የሰው በር ሰብረን ልንገባም አንፈልግም። ነገር ግን የሚሞተው ማን ነው? የሚቀብረውስ? እድሩ አይደለም እንዴ!

የቤይሩትን ነገር እናስታውስ። እህቶቻችን በብዛት ተሰደው የሚሠሩባት ከተማ ናትና ያን ቀን በየቤቱ ስልክ ሲደወል እንደ ነበር አንረሳውም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አንድ መርከብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭኖ ቤይሩት ወደብ ቆመ። በእኛ ልክ 27,500 ኩንታል ማለት ነው። በ2014 ጭነቱ ወርዶ በ12 ቁጥር መጋዘን ተቀመጠ። የጉምሩክ ሹሞች «ይህ ነገር አደገኛ ነው፣ ይነሣልን» እያሉ ለዳኞች ደጋግመው ጽፈዋል። ደብዳቤው ከመዝገብ ወደ መዝገብ ዞረ። ሁሉም ጽፏል፤ ያነሣው ግን የለም። በኦገስት 4 ቀን 2020 እሳት ተነሣ። የከተማው እሳት አደጋ 10 ሠራተኞችን ላከ፤ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። መጋዘኑ ሲፈነዳ ዐሥሩም አለቁ። በጠቅላላው ከ200 ሰው በላይ ሞተ፣ ከ6,000 በላይ ቆሰለ፣ የከተማዋ እኩሌታ መስተዋትና በር ረገፈ።

«ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም ሠፈር ባለፈው ወር ተጠይቆ መልስ አጥቷል። ልዩነቱ የእኛው መጋዘን ትንሽ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ «ምን አገባው» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው፦ ያገባናል። እሳት ሊያጠፋ የሚመጣው ሰው የማን ልጅ ነው? የእኛው የድሃ ልጅ ነው። የማያውቀው ነገር ውስጥ ልንማግደው መብት የለንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንን ጉድ ሸፍነን ብናልፍ ይህ ጽሑፍ ዋጋ አይኖረውም።

መጋዘኑ የማን ነው? ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ግን አታውቁም። መጋዘኑ የእኛው የማኅበራችን ቤት ነው። አራት ዓመት ሆነ አከራይተነዋል። የእድሩ ድንኳን የታደሰው በዚያ ኪራይ ነው። ወንበሮቹ የተገዙት በዚያ ኪራይ ነው። ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ ከፍ ያለውም በዚያው ነው። ውሉን ስንፈርም አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍተን «ምን ልታስገቡ ነው?» ብለን አልጠየቅንም። ኪራዩ በወሩ መጀመሪያ ሳይጓደል ይገባል፤ እኛም ዝም። የቲነር ሽታ እስከ ስብሰባ አዳራሻችን ሲመጣ መስኮት ዘጋን እንጂ አባ ከና ያለ የለም። መርማሪ ሳይመረምር ፈረመ ብለን እንወቅሳለን፤ እኛስ ሳናይ አልፈረምንም ወይ?

ይህን ማመን ያሳፍራል። ቢያሳፍርም እንናገረዋለን።

ውሉ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ተከራዩ በዚያው ዋጋ ላይ ጨምረው ለመቀጠል ጠይቀዋል። በኮሚቴው ውስጥ ሐሳብ ተከፍሏል። ሁለት አባሎቻችን «ኪራዩ ከቀረ የእድሩ ካዝና ይራቆታል፣ ወርኃዊ መዋጮ መጨመር ይመጣል፣ ጡረተኛው ከየት ያመጣል?» ብለዋል። የተናገሩት እውነት ስለሆነ አንደብቀውም፤ ኪራዩ ቢቀር መዋጮው ይጨምራል። የቀረነው ግን ወርኃዊ መዋጮ ጨምሮ መክፈል፣ ድንኳኑን በአንድ ቀን ለዐሥር ለቅሶ ከመትከል ይሻላል ብለናል። ውሳኔው ግን የኮሚቴው ሳይሆን የእናንተ የአባላቱ ነው።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እንዲጸድቅልን የምናቀርበው የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ከአሁን ጀምሮ የማኅበሩ ቤት የሚከራየው ተከራዩ የሚያስቀምጠውን ዕቃ ዓይነት፣ መጠንና ቦታ ዘርዝሮ ሲፈርም ብቻ ይሁን። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በበሩ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ለእሳትና አደጋ ኮሚሽን ይላክ። ዕቃው ሲለወጥ ዝርዝሩም ይለወጥ።

2ኛ/ እርስ በርስ የሚጣሉ ዕቃዎች በአንድ ክፍል አይቀመጡ። አሲድና ክሎሪን ይለያዩ፤ የቡታጋዝ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ቆሞ ከቤት ውጭ አየር በሚያገኝ ቦታ ይሁን፤ ስፖንጅና ቲነር ጎረቤት አይሁኑ።

3ኛ/ ቲነርም ሆነ ቤንዚን የሚቀዳው በቀን ብርሃን፣ በር ተከፍቶ፣ ሻማና ሲጋራ በሌለበት ይሁን። በርሜሉና መቅጃው ብረት በሽቦ ተያይዘው መሬት ይንኩ፤ ፈሳሽ ሲቀዳ ራሱ ፍንጣሪ የሚፈጥር ኤሌክትሪክ ሊጠራቀም ይችላልና። ባዶ በርሜል ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወደ ብየዳ ቤቱም አይጠጋ።

4ኛ/ ማጥፊያው ለዕቃው የሚስማማ የደረቅ ዱቄት ወይም የአረፋ ይሁን፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ፤ አሸዋ በባልዲ በበሩ ላይ ይኑር። ቲነር ሲነድ ውሃ እንዳይደፋበት በትልቁ ይጻፍ።

5ኛ/ የአካባቢያችን መጋዘኖች ሁሉ፣ የማኅበሩም ሆኑ የግል፣ ሳይነገራቸው በድንገት እንዲመረመሩ፣ የተገኘው ጉድለት የሚስተካከልበት ቀን ተቆርጦ እንዲሰጥ፣ ያ ቀን ሲደርስም ተመልሶ እንዲታይ ለወረዳውና ለእሳትና አደጋ ኮሚሽን በጉባኤው ስም ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት እንዳይቀር ሦስት አባላት በየሳምንቱ የሚከታተሉት ይመረጡ። ውጤቱም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

6ኛ/ መግቢያው መንገድ ላይ መኪና ማቆምና ጠጠር መከመር ይቅር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ብዙ ሱቅ የበላው እሳት በተነሣ ጊዜ የመንገዱ መጣበብ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ አገር አይቶታል። የእኛ መግቢያ ከዚያ አይሰፋም። ይህ ነጥብ መጋዘን የሌለውን ሁሉ ይመለከታል፤ ጠጠሩን ያስከመርነው እኛው ነንና።

7ኛ/ እጁ የተቃጠለው ልጅ እስኪድን ድረስ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲችሉ ጉባኤው በሽማግሌ ይጠይቅ። እስከዚያው እድሩ ያበድር።

እነዚህን ነጥቦች ተከራዩ ከተቀበሉ ውሉ ይቀጥል፤ እኛም ደስ ይለናል። ካልተቀበሉ ግን ውሉ በወሩ መጨረሻ ያብቃ። የኮሚቴው አብላጫ አቋም ይህ ነው።

የጉባኤው ቀን፦ በመጪው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ቦታው፦ የተለመደው አዳራሽ። ተከራይም ባለቤትም፣ እናቶችም ወጣቶችም ይምጡ። «እኔ ባልገኝም ይወስናሉ» የሚል ሁሉ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልን እንደ ቆየን ያስታውስ። የሚቃወምም ይምጣና ፊት ለፊት ይቃወም፤ በየበሩ እየቆሙ ማንሾካሾክ አይበጅም። የመጋዘኑ ባለቤትም ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ በክብር ጠርተናል።

እስከዚያው ድረስ እሳት ያየ ሰው ወደ 939 ይደውል። ሲደውልም ቦታውን ብቻ ሳይሆን ውስጥ ያለውን ዕቃ ጭምር ይናገር። ይህን መናገር የሚችለው ግን ሲያውቅ ነው። የምንታገለውም ለዚህ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል!

የሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ እስከ እሑድ ድረስ ከሰሌዳው ላይ እንዳይቀደድ በትሕትና እናሳስባለን። ከተቀደደም ሌላ ቅጂ አለን።